ስምንት የሸክላ ፊውዝ ፍለጋ እስከ ግምጃ ቤት

ወደ አዊ የምትሄዱበት ጉዳይ ያላችሁ አይመስለኝም። እኔም አልነበረኝም። ባሕር ዳር ተወልዶ ያደገ ሰው እንጅባራን የሚያውቃት ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ በአውቶቡስ መስኮት ነው፤ ብርዱ ሲመታው «መስኮቱን ዝጉት እንጂ!» ይልና ያልፋታል። እኔ ግን ባለፈው ጥቅምት፣ የጣት አንጓ በማታክል ፊውዝ ምክንያት፣ ከማክሰኞ እስከ ዓርብ እዚያው ስንከራተት ሰነበትሁ። ከተመለስሁ ወዲህ ያገኘኝ ሁሉ «እና ምን አየሽ?» ይለኛል። ይኸው ጻፍሁት፤ ደጋግሜ ለማውራት አንጀቱ የለኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ አንዲት ነጭ ቮልስ ነበረችው፤ ዕድሜዋ ከእኔ ይበልጣል። መብራቷ፣ ፍሬቻዋ፣ ክላክሷ ሁሉ የሚሠራው በስምንት ፊውዞች በኩል ነው። እነዚህ ፊውዞች እንደ ዛሬዎቹ የፕላስቲክ አይደሉም። ትንንሽ የሸክላ በትሮች ናቸው፤ ነጭ፣ ቀይ ወይም ሰማያዊ፣ ሁለት ጫፋቸው ሾል ያለ፣ በጀርባቸው ቀጭን የብረት ቅጠል የተኛባቸው። ኤሌክትሪኩ ከልኩ ሲያልፍ ቅጠሏ ትቀልጥና ሽቦው ይተርፋል። አባቴ በየመስከረሙ ያወጣቸውና ጫፋቸውን በላጲስ ያጸዳቸው ነበር። «እዚህች መኪና ውስጥ ለሌላው ብሎ የሚሞት እሱ ብቻ ነው፤ አክብሪው» ይለኝ ነበር።

ታላቅ ወንድሜ ደረጀ አላከበረውም። አባቴ ታሞ በተኛበት ሰሞን አንደኛው ፊውዝ ሲቃጠል፣ የደረጀ መካኒክ የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ጠቅልሎበት መልሶ አስገባው። አገሩ ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ ይሠራልም፣ እስከሚቃጠል ድረስ። አባቴ ሻል ብሎት መሪ የጨበጠ ዕለት ከዳሽቦርዱ ሥር ጭስ ተነሣ። አስፋልት ዳር ወርዶ፣ ከዘራውን ተደግፎ ሲያስል አየሁት። ከዚያ ቀን በኋላ መሪዋን ሳይነካ ሞተ። ይህንን ለደረጀ ይቅር አላልሁትም፤ አሁንም አላልሁም።

የተቃጠለውን ሽቦ እኔው አሳደስሁ፤ ከጭሱ በኋላ ግን ስምንቱም ፊውዞች መለወጥ ነበረባቸው፣ ምትካቸው ደግሞ ከየትም ጠፋ። በዚህ መሐል ደረጀ ሐይቁ ዳር አዲስ ሎጅ የከፈተ ወዳጅ አገኘ። ሰውየው ቮልሷን በሩ ላይ አቁሞ አበባ ሊተክልባት ይፈልጋል፤ ፈረንጅ አገር እንዲህ ይደረጋል አሉ። ተጣላን። የንስሐ አባታችን መሐል ገቡና ተስማማን፤ እስከ አባታችን ሙት ዓመት፣ እስከ እሑድ ድረስ፣ መብራቷ ከበራ መኪናዋ የእኔ ናት፤ ካልበራ ደረጀ የፈለገውን ያድርጋት። አንድ ሽማግሌ መካኒክ «ዳንግላ የድሮ መለዋወጫ ይሸጡ የነበሩ አቶ ውበቱ የሚባሉ አሉ፤ እሳቸው ከሌላቸው በአገሩ የለም» አለኝ። አቶ ውበቱን በስም አውቃቸዋለሁ፤ የአባቴ ደንበኛ ነበሩ።

ማክሰኞ፣ ዳንግላ

ለናሙና አንዷን የተቃጠለች ፊውዝ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ሚኒባስ ያዝሁ። ዱርቤቴን እንዳለፍን ኬላ ላይ ውረዱ ተባልን። የሚፈትሸው ልጅ እግር ጠባቂ ፊውዟን በሁለት ጣቱ አንሥቶ ወደ ፀሐይ አቀናት።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«የቮልስ ፊውዝ።»

«ጥይት ነው የሚመስል።»

«ይመስላል፤ አይተኩስም እንጂ።»

ይህቺን መጨመር አልነበረብኝም። «ዳር ቁሚ፤ አለቃችን ይምጣ» አለኝ። አለቃው ምሳ ላይ ነው። ሾፌሩ ጥቂት ጠበቀና «እህቴ፣ የእነዚህን ሁሉ ሰዎች ቀን አልገድልም» ብሎ ሻንጣዬን በመስኮት አቀብሎኝ ሄደ። ባሕር ዳር ቢሆን አንድ ሰው ይከራከርልኝ ነበር ብዬ ተናደድሁ፤ ቆይቼ ሳስበው ግን ሚኒባሱ የሞላው በባሕር ዳር ሰው ነበር። አለቃው መጣ፣ ፊውዟን አየ፣ ልጁን አየ፣ ሳቀ፣ ሰጠኝ። ለእሱ ቀልድ ነው፤ ለእኔ ግን ግማሽ ቀን ነው።

ባዶ ጆንያ የጫነ አይሱዙ አሳፈረኝ። ሾፌሩ የት እንደምሄድ እንኳ ሳይጠይቅ የተቀቀለ በቆሎ ገምሶ ሰጠኝ። እስከ ዳንግላ ሳንነጋገር በቆሏችንን ስንግጥ ደረስን፤ ከጉዞዬ ሁሉ ያላበሳጨኝ መንገድ ይህ ብቻ ነው።

ዳንግላ ላይ ጋሪ ያዝሁ። ባሕር ዳር ባጃጅ እንዲህ ቀስ ቢል እንሰድበው ነበር፤ እዚህ ፈረሱን ማንም አይሰድበውም። ባለጋሪው የአቶ ውበቱን ሱቅ ያውቀዋል፤ አደረሰኝና «ይኸው» አለኝ። የሞባይል ቤት ሆኗል። «እሳቸው እኮ እንጅባራ ልጃቸው ጋ ገብተዋል። ሳትጠይቂኝ ምን ላድርግ?» አለ። እውነቱን ነው፤ አልጠየቅሁትም።

ከመጣሁ አይቀር የመለዋወጫ ሱቆቹን ዞርሁ። የባጃጅ ፊውዝ ሞልቷል። ናሙናዬን ሳሳይ አንደኛው «ባልሽ ራሱ ለምን አልመጣም?» አለኝ። ሌላው መልካም ሰው ነው፤ ከጠረጴዛው ሥር የመዳብ ሽቦ ቆርጦ፣ በፊውዟ ላይ ጠምዝዞ፣ «በነጻ ነው፤ ለዘለዓለም አይቃጠልም» ብሎ ሰጠኝ። አገራችንን እንዲህ ባለ ቸርነት ነው ያቃጠልናት። አመስግኜው ወጣሁና ሽቦውን ቦይ ውስጥ ጣልሁት።

ያደርሁበት ፔንሲዮን ጣራው ዝናቡን ሲያንጠባጥብ ያመሻል፤ ቧንቧው ግን ጠብታ የለውም። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኼ ነው። ባለቤቷ ወይዘሮ ትዕግስት በጀሪካን ውሃ አመጣችልኝና ነገ ጠዋት ምን እንደምበላ ጠየቀችኝ። እሷ ጴንጤ ናት፤ ረቡዕን አትጾምም። «አንቺ ግን ትጾሚያለሽ አይደል?» አለች፣ ነጠላዬን አይታ። በማግስቱ ቅቤ ባልነካው ድስት ለብቻዬ ሽሮ ሠርታ ጠበቀችኝ። «ጾም ነው፤ ገና ነው ሰዓቱ» ብዬ ላስረዳት አልሁና ፊቷን ሳይ ተውሁት። በላሁ። አምላክ ይፈርዳል።

ረቡዕ፣ እንጅባራ

እንጅባራ ስደርስ ጉሙ መንገዱ ላይ ተኝቷል፤ የቀርከሃ ወንበር የሚሸጡት ሰዎች በድምፅ ካልሆነ አይታዩም። የእኛ አገር ጥቅምት ከዚህ ጋር ሲተያይ በጋ ነው። ዘንገና ሐይቅ ቅርብ ነው፣ እይው አሉኝ። ከጣና ዳር መጥቼ ሐይቅ ልይ? አልሄድሁም።

አቶ ውበቱን በልጃቸው ቤት አገኘኋቸው፤ በጋቢ ተጠቅልለው በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል።

«የማን ልጅ ነሽ?»

«የተሰማ ልጅ ነኝ፤ የባሕር ዳሩ ሾፌር።»

«ተሰማ! የነጯ ቮልስ! አለ?»

«አረፈ። እሑድ ዓመቱ ነው።»

ተነሥተው አቀፉኝ፤ ዓይናቸው ረጠበ። ከዚያ በኋላ ስለ ፊውዝ አንዲት ቃል መተንፈስ አልቻልሁም። ያገሩ ወግ ነው፤ እንግዳ ሳይበላ ጉዳዩን አይጠየቅም። የድንች ወጥ መጣ፣ ምስር መጣ፣ እንደገና የድንች ወጥ መጣ። «በሞቴ፣ ይችን ብቻ» ይላሉ፣ የሞት ወሬ ይዤ የመጣሁትን ሴት። ጎረቤት ገባ፣ በአገውኛ አወሩ፤ የአባቴ ስም በየመሐሉ ይሰማኛል። እኛ ቤት እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ «ምን ልታዘዝ?» ይባላል፤ የቱ እንደሚሻል አላውቅም። ጉሙ ተገፎ ተመልሶ ሲተኛ ናሙናዬን አውጥቼ መዳፋቸው ላይ አስቀመጥሁ።

«ይችንማ!» አሉ። «የወተት ቆርቆሮ ሙሉ ነበረኝ።»

«ነበረኝ» ማለታቸውን ያዝሁ።

«አሁንስ፣ አባባ?»

«ሱቁን ስዘጋ ቮልስ የሚነዳ ሰው በአገሩ የቀረ አልመሰለኝም። ለወንድሜ ሰጠሁት፤ ለፈረሱ።»

«ለፈረሱ?»

«ለጌጥ ነዋ። ነጩ፣ ቀዩ፣ ሰማያዊው፣ ሲሰፋ እንዴት ያምር መሰለሽ!»

ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ እዚህ አገር ፈረስ እንዲሁ ፈረስ አይደለም። በጥር ፈረሰኛው ሁሉ እንጅባራ ሲሰበሰብ እያንዳንዱ ፈረስ ተሸልሞ ይወጣል፤ ሰው የራሱን ሸሚዝ ሳይቀይር ለፈረሱ ጌጥ ይፈልጋል። የተገኘው የሚያብረቀርቅ ነገር ሁሉ ይሰፋል። ለዚያች መኪና የተሠራ ፊውዝ ይሰፋል ብሎ ግን ማን ያስባል? ልስቅ ነበር። ሳልስቅ ዋጥሁት።

«ወንድሜ አርፏል። ፈረሱና ዕቃው ልጁ ጋ ነው፤ ጌታሁን ጋ፣ ግምጃ ቤት የምትባል ከተማ። ነገ በጠዋት ሂጂ፤ የእኔን ስም ንገሪው» አሉኝ።

ለደረጀ ልደውል ሞከርሁ፤ ኔትወርክ የለም። «አገኘሁት መሰለኝ፤ መኪናዋን እንዳትነካ» ብዬ ጻፍሁለት፤ መልእክቱ አልሄድ ብሎ እስክተኛ ድረስ ቀይ ምልክቱን ይዞ ቀረ።

ሐሙስ፣ ግምጃ ቤት

መንገዱ ጭቃ ነው፤ ሚኒባሱን ሁለቴ ገፋን። ሁለተኛው ላይ ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ቀረ፤ አንዲት የማላውቃት ገበያተኛ እጇን እስከ ክርኗ አስገብታ አወጣችልኝና ሳትሰናበተኝ ቅርጫቷን ተሸክማ ሄደች።

ጌታሁን ሠላሳ ዓመት የማይሞላው ረጅም ገበሬ ነው። የአጎቱን ስም ስነግረው ፈረሱን እንዲያሳየኝ የፈለግሁ መሰለው። ደስ አለው። ዳማ ፈረሱን ከጋጣ አወጣ፣ ከዚያ ከቤት የፈረስ ዕቃውን በነጭ ጨርቅ እንደተጠቀለለ አምጥቶ ግንባሩ ላይ አሰረለት። የእኔ ፊውዞች ናቸው። ሦስት ረድፍ፣ በጠንካራ ክር ቆዳው ላይ የተሰፉ፣ ከመጥራታቸው የተነሣ የሚያብረቀርቁ። አባቴ በየመስከረሙ ላጲስ ይዞ የሚደክምበትን ጥራት እዚህ አንድ ፈረስ ግንባር ላይ አየሁት። ያምራል። ያምራል ብዬ ስቀበል ደግሞ በገንሁ።

«ይኼን የሰፋው ማነው?» አልሁት።

«አባቴ። የሰፋው የመጨረሻ ዕቃው ነው። ጥር ሳይደርስ ሞተ። ለቅሶው ላይ ፈረሱ ይህን ለብሶ ወጣ።»

እዚህ ላይ መመለስ ነበረብኝ። አልተመለስሁም። ስለ አባቴ፣ ስለ ጭሱ፣ ስለ እሑዱ፣ ስለ አበባው ነገርሁት። ሰምቶኝ ሲያበቃ የፈረሱን ግንባር ዳበሰ። እናቱ በር ላይ ተቀምጣ ድንች ትልጣለች፤ ቀና ሳትል በአገውኛ አንድ ነገር ተናገረች።

«ምን አሉ?»

«ስጣት አለች። አባት የሞተባት ናት አለች።»

ምላጭ አመጣ። እየመረጥሁ፣ እሱ ክሩን እየበጠሰ፣ አንድ በአንድ አወጣናቸው። አንዳንዱ ቅጠሉ ተላቆ ጠፍቷል፤ አንዳንዱ በመርፌ ተጎድቷል። ስምንት ደኅና እስክናገኝ ከላይኛው ረድፍ ወደ መሐለኛው ወረድን። ቆዳው ላይ የክሩ ቀዳዳ ብቻ ቀረ፤ የወለቀ ጥርስ ይመስላል። ብር ላውጣ ብል እጄን መለሰው። «ጥር ሳይደርስ ሌላ ጌጥ ልልክልህ እሞክራለሁ» አልሁት። «መንገዱ ከተከፈተ» አለኝ፤ ሲከፈት ሲዘጋ የከረመ መንገድ ነው። እናቱ ትኩስ ድንች በበርበሬ፣ እርጎ በዋንጫ አቀረበችልኝ፤ በላሁ። 

ወደ እንጅባራ ተመልሼ ከአቶ ውበቱ ጋር ፈተሽናቸው። ሁለት የባትሪ ድንጋይ፣ አንዲት አምፖል፣ መሐል ላይ ፊውዙ። አንዱ ሲያበራ «እሰይ!» ይላሉ፣ ሌላው ሲያበራ «እሰይ!» ይላሉ። ስምንቱም አበሩ። በጥጥ ጠቅልለው ክብሪት ቤት ውስጥ አስተኙልኝ። «መብራቷን አብርተሽ በዚህ በር አሳልፊያት። ሳልሞት ልያት» አሉኝ። ቃል ገባሁ፤ እንዲህ ደስ ብሎኝ ቃል የገባሁበትን ቀን አላስታውስም።

ዓርብ፣ ባሕር ዳር

ስለ መመለሻው መንገድ የምጽፈው የለኝም። ያው ኬላ፣ ያው ልጅ እግር ጠባቂ። ክብሪት ቤቱን ከፍቶ አየና «በዙሳ!» ብሎ አሳለፈኝ። መራዊን ስናልፍ ሙቀቱ መጣ፣ ሹራቤን አወለቅሁ፣ ቤቴ ደረስሁ ብዬ ተደሰትሁ። ስልኬ ኔትወርክ ሲያገኝ የረቡዕ መልእክቴ ሄደ።

የአባቴ ግቢ በር ክፍት ነው። ቮልሷ የቆመችበት ቦታ አራት የጎማ ምልክትና የዘይት ጠብታ አለ። ደረጀ ወንበር ላይ ተቀምጦ ለእሑዱ ድንኳን የሚያመጡትን ሰዎች በስልክ ያናግራል።

«የት አለች?»

«ስልክሽ ዝግ ነው ይላል። ትተሽዋል ብዬ ነው።»

«እሑድ ነበር ያልነው!»

«ሰውየው ክሬን የተከራየው ለሐሙስ ነበር። እኔ ምን ላድርግ፣ ሙሉ?»

ሐሙስ። ጌታሁን ምላጩን ይዞ የአባቱን ስፌት ሲበጥስልኝ የእኛ በር ላይ ክሬን ቆሞ ነበር ማለት ነው። ክብሪት ቤቱን ፊቱ ላይ ልወረውረው እጄን አነሣሁ፤ አልወረወርሁም። የሰው አባት ነው ያለበት።

ሎጁ የደረስሁት አመሻሹ ላይ፣ ገና ሳይጨልም ነው። በሩ ላይ ቆማለች። የፊቱን ኮፈን ነቅለው፣ ሆዱን አፈር ሞልተው ቀይ አበባ ተክለውባታል፤ የፊውዝ ሳጥኗ ያለው ከዚያ አፈር ሥር ነው። ሁለት ልጃገረዶች ተራ በተራ ፎቶ ይነሣሉ። የፊት መብራቶቿ ደግሞ በርተዋል። ሁለቱም። አንድ ዓመት ሙሉ ሲበሩ ለማየት የተመኘኋቸው መብራቶች። ሽቦውን በዓይኔ ተከተልሁት፤ ከመብራቱ ወጥቶ፣ በአበባው መሐል አልፎ፣ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ካለው ማከፋፈያ ይገባል። በመሐል ምንም ነገር የለም።

የበሩን እጀታ ልይዝ ስጠጋ ዘበኛው ከወንበሩ ብድግ አለ።

«እትዬ፣ እንዳይነኳት! ትነዝራለች። ትናንት አስተናጋጁን ጥላው ነበር።»

እጄን መለስሁ። ወረቀት የተጠቀለለበት ፊውዝ እንኳ አላስገቡም፤ ያ እንኳ በተሻለ ነበር።

እሑድ ሙት ዓመቱ ወጣ፤ ድንኳኑ ሞላ። የንስሐ አባታችን ስለ መኪናዋ ሲጠይቁ ደረጀ ሳቅ ብሎ «መብራቷ በርቷል፣ አባ፤ በስምምነታችን መሠረት» አለ። ሰውም ሳቀ። ቄሱም ፈገግ አሉ። እኔ ወደ ወጥ ቤት ገባሁ።

ስምንቱ ፊውዞች አሁን ኮመዲኖዬ ውስጥ ናቸው፣ በዚያው ክብሪት ቤት። ለማንም አይሆኑም፤ ከአንድ ፈረስ በቀር። በየሁለት ሳምንቱ አውጥቼ ጫፋቸውን በላጲስ አጸዳለሁ፤ እንዳይዝጉ። ለአቶ ውበቱ አልደወልሁም፤ ምን ብዬ እደውላለሁ? መርፌና ጠንካራ ክር ገዝቻለሁ። ጥር ሳይደርስ ራሴ ወስጄ የነበሩበት ቦታ እሰፋቸዋለሁ፣ መንገዱ ከተከፈተ።